የሻይ ማንኪያ ገበያ፦ ከአዲሎ ሻይ ቤት እስከ ሜልቦርን

ስለ ዶላር፣ ስለ ቡና፣ ስለ በርበሬና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ብዙ ተብሏል። ነጋዴውም፣ ደላላውም፣ ባለሀብቱም በየማለዳው ከብዕርና ከስልክ በፊት ስለሚጨብጧት ስለ ሻይ ማንኪያ ግን የገበያ ገጾች አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ይህ ጽሑፍ ጉድለቱን በመጠኑ ለመሙላት የቀረበ ነው።

በከምባታ ዞን በምትገኘው አዲሎ፣ በአንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከአንዲት ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። የመጣው ስለ በርበሬ ዋጋ ሊጠይቅ ነው። ከጎኑ ሦስት ደላሎችና አንድ የጭነት መኪና ረዳት ተደርድረዋል። አምስት ብርጭቆ ሻይ ቀረበ፤ የቀረበው ማንኪያ ግን ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ደላላ አማስሎ ለጎረቤቱ አቀበለ፤ ጎረቤቱ አማስሎ ለረዳቱ አሳለፈ። ማንኪያዋ እንደ እቁብ ዕጣ ተራ በተራ ዞረች።

«እናት፣ ማንኪያ አጠረ እንዴ?» ብለን ጠየቅን።

«ሁለት ደርዘን ነበር የገዛሁት ልጄ» አሉ የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ከምድጃው ቀና ሳይሉ። «ሰው ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ማንኪያውም አብሮ ይሄዳል።»

የቀሩትን ማንኪያዎች ውሃ ካለበት ጣሳ ውስጥ አውጥተው ዘረገፉልን። ሰባት ናቸው። ከሰባቱ ሁለቱ እንኳን አይመሳሰሉም። አንዷ አንገቷ የተጠማዘዘ አሉሚኒየም፣ አንዷ አበባ የተቀረጸባት፣ አንዷ ነጭ ፕላስቲክ፣ አንዷ ደግሞ ስሙ የተፋቀ የሆቴል ጽሑፍ ያለባት ነበረች። ሲጠፋባቸው የተገኘውን እየገዙ፣ እንደገና ሲጠፋባቸው እንደገና እየተኩ የተጠራቀሙ ናቸው። በሌላው ዓለም ገንዘብና ዕድሜ ፈሰስ ተደርጎበት የሚገነባ ስብስብ በአዲሎ በኪሳራ ተገንብቷል ማለት ነው።

ደረጃ አወጣጥ

ማንኛውም ሸቀጥ ወደ ገበያ ከመግባቱ በፊት ደረጃ ሊወጣለት ይገባል። የቡናችን ደረጃ የሚወጣው ለጥሬው መልክ 40 ከመቶ፣ ለቅምሻው 60 ከመቶ ነጥብ እየተሰጠ መሆኑን የዘርፉ ነጋዴዎች ያውቃሉ። እኛም ይህንኑ ሚዛን ተውሰን 40 ከመቶውን ለማንኪያዋ አካል፣ 60 ከመቶውን ለአገልግሎቷ እንድናደርግ ይፈቀድልን።

በአካል በኩል የመጀመሪያው መመዘኛ ክብደት ነው። ማንኪያዋን በሁለት ጣት አንገቷ ላይ ይዞ ማመዛዘን በቂ ነው። አሉሚኒየም ከብረት ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል በመሆኑ ወዲያው ይታወቃል። በቀላሉ ይጎብጣል፤ ሲቆይም ይጠቁራል። በአዲሎም ሆነ በሌላ ሥፍራ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ስኳር ሲጨፈልቅ አንገቱ የሚታጠፈው ይኸው ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ማግኔት ነው። ከተበላሸ የድምፅ ማጉያ ላይ የተነቀለ ቁራጭ ይበቃል። በማይዝጉ ማንኪያዎች ጀርባ ላይ «18/10» ወይም «18/0» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር በመቶኛ የክሮሚየም፣ ሁለተኛው የኒኬል መጠን ነው። ኒኬል የሌለው «18/0» ማግኔት ይስበዋል፤ «18/10» ግን እምብዛም አይሳብም። ኒኬል ውድ ማዕድን በመሆኑ የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለሆነም ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ሲምል፣ ገዢው ማግኔቱን ከኪሱ አውጥቶ መልስ ሊሰጠው ይችላል።

ሦስተኛው መመዘኛ ጀርባውን ማንበብ ነው። «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ» በሚል የእንግሊዝኛ ምሕጻር የታተመበት ማንኪያ በላዩ ላይ ብቻ ብር የተቀባ ነው። «925» የሚለው ደግሞ ከ1,000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ይናገራል። የተቀባው ማንኪያ መጀመሪያ የሚላጠው ጠረጴዛ ላይ በሚያርፈው የሆዱ ጀርባ ነው። አዋቂ ሰብሳቢ ማንኪያ ሲሰጡት ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን አስቀድሞ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውን ሲመዝኑም ይህንኑ የሚያደርጉ ደላሎች አሉ።

ከአገልግሎት በኩል ማንኪያዋ የብርጭቆውን ታች መንካት፣ ከሻዩ በላይ ለጣት የሚሆን እጀታ ማስቀረትና ከንፈር የማይቆርጥ ጠርዝ ሊኖራት ይገባል። በችኮላ ከላሜራ ተቆርጠው የወጡ ማንኪያዎች ጠርዛቸው ሳይሞረድ ይቀራል። እነዚህን በአውራ ጣት ዳር ዳሩን በመዳሰስ መለየት ይቻላል።

በነገራችን ላይ ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ የሆነው ቡናም የሚዳኘው በማንኪያ ነው። ቀማሾች ክብና ጎድጓዳ በሆነ ማንኪያ ቀድተው፣ ድምፅ እያሰሙ ስበው ይቀምሱታል። ድምፁ ከብልግና የመጣ አይደለም፤ ቡናው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ምላስን በሙሉ እንዲያዳርስ ስለሚፈለግ ነው። በሚሊዮን ብር የሚቆጠር ጭነት በአንዲት ማንኪያ ፉት ሲባል ደረጃው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ማንኪያን የሚንቅ ላኪ ካለ ይህንን ያስብ።

ማንኪያው የት ይሄዳል?

የሻይ ቤቷ ባለቤት ያነሱት ችግር ሳይንስ ያላየው እንዳይመስልዎ። በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ በሚገኘው የበርኔት የሕክምና ምርምር ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ከሻይ ክፍሎቻቸው ማንኪያ እያለቀ ቢያስቸግራቸው 70 የሻይ ማንኪያዎችን በድብቅ ቁጥር ሰጥተው ለ5 ወራት ተከታተሉ። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ከ70ዎቹ 56ቱ፣ ማለትም 80 ከመቶው ጠፍተዋል።

ተመራማሪዎቹ የሬዲዮአክቲቭ ማዕድን በሚለካበት ስሌት የማንኪያን «ግማሽ ዕድሜ» አስልተዋል። ይኸውም ካሉት ማንኪያዎች ግማሹ ለመጥፋት የሚፈጅበት ጊዜ ሲሆን፣ በአጠቃላይ 81 ቀን ሆኖ ተገኝቷል። የአንድ ቡድን ብቻ በሆኑ ክፍሎች ውስጥ 77 ቀን ሲቆዩ፣ ሁሉም ሰው በሚጠቀምባቸው የጋራ ክፍሎች ግን 42 ቀን ብቻ ቆይተዋል። ውድ ማንኪያም ርካሽ ማንኪያም እኩል ጠፍቷል። ተቋሙ ሁልጊዜ 70 ማንኪያ እንዲኖረው ከፈለገ በዓመት 250 ያህል መግዛት እንደሚኖርበትም ገምተዋል።

ይህንን ስሌት ወደ አዲሎ እናምጣው። የሻይ ቤቷ ባለቤት የገዙት 24 ማንኪያ ነው። ሻይ ቤት ከጋራ ክፍል የበለጠ ክፍት ቢሆንም የሜልቦርኑን 42 ቀን እንውሰድላቸው። በ42ኛው ቀን 12፣ በ84ኛው ቀን 6፣ በ126ኛው ቀን 3 ይቀራቸዋል። ከአራት ወር በጥቂት ቀናት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ከስምንት እጅ ሰባቱ አለቀ ማለት ነው። ለትልቅ ሆቴል ይህ በሒሳብ መዝገብ ላይ የማይታይ ወጪ ነው። በቀን ገቢ ስኳርና ከሰል ገዝቶ ለሚያድር ሰው ግን ከካፒታል ላይ የሚቆረስ ነው። ማንኪያ የሚተካበት ገንዘብ ከስኳሩ ገንዘብ ላይ ይነሳል። ስኳር ሲጎድል ሻይ ይጎድላል፤ ሻይ ሲጎድል ደንበኛ ወደ ጎረቤት ያማትራል።

የሜልቦርኖቹ ተመራማሪዎች ምክንያቱን የጋራ ሀብት ላይ በሚደርሰው ጥፋት አስረድተውታል። እያንዳንዱ ሰው «አንዲት ማንኪያ ብወስድ ማን ይጎዳል?» ይላል፤ ሁሉም እንዲህ ሲል ማንኪያ ያልቃል። አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ጋራ ግጦሽ መሬት የጻፈው ይህንኑ ነው።

የእድር መልስ

በዚህ ነጥብ ላይ አገራችን ለዓለም የምታስተምረው ነገር አላት። እድሮቻችን ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ አላቸው። ዕቃው የጋራ ነው፤ በሐዘኑም በድግሱም ከቤት ቤት ይዞራል። ይሁንና አያልቅም። ምክንያቱም ሲወጣ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ሲመለስ ተቆጥሮ ይመለሳል፣ የጎደለውን ተረካቢው ይተካል። ብዙ ጊዜም የእድሩ ምልክት በቀለም ወይም በምስማር ጫፍ ይደረግበታል።

አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት የተሸለሙት፣ የጋራ ሀብት ያለ መንግሥትና ያለ ግል ባለቤት በተጠቃሚዎቹ ደንብ ብቻ ሊጠበቅ እንደሚችል በማሳየታቸው ነው። የእድር ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ የሆነ ማንኛውም ሰው ይህንን ከሽልማቱ በፊት ያውቀው ነበር።

ሻይ ቤት ግን እድር አይደለም። ደንበኛው መንገደኛ ነው፤ የበርበሬ ጭነቱ ሲሞላ ይነሳል። ቆጥሮ የሚያስረክብ የለም። በመሆኑም ጥንቃቄው በባለቤቷ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የቀንዷ ማንኪያ

ስለ ማንኪያ አዋቂነት ሲነሳ የደቡቡን የአገራችንን ክፍል አለማንሳት ነውር ይሆናል። የማይዝግ ብረት ገበያውን ከማጥለቅለቁ በፊት በጉራጌ፣ በሀዲያና በከምባታ ቤቶች የቀንድ ማንኪያ ክብር ነበረው። ዛሬም ክትፎ በቀንድ ማንኪያ ካልቀረበ ቅር የሚለው ሰው ብዙ ነው። ሀዲያ ቤት በቅቤ የራሰ አታካና የቀረበለት እንግዳም ቀንድ ለምን እንደሚመረጥ አይጠፋውም።

ምርጫው ከወግ ባሻገር ምክንያት አለው። ቀንድ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ከንፈር አያቃጥልም። የብረት ጣዕም የለውም፤ ስለዚህ ቅቤው ቅቤ፣ ቅመሙም ቅመም ሆኖ ይቀራል። አሠራሩም ዕውቀት ይጠይቃል። ቀንድ በእሳት ሙቀት ይለሰልሳል፤ ለስልሶ እያለ ይዘረጋል፣ ይቆረጣል፣ ይጎደጎዳል፤ ሲበርድ በያዘው ቅርጽ ይጸናል። ከዚያ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፣ ይወለወላል። ለዚሁ ባሕርዩ ሲባል የፈላ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለበትም፤ ቅርጹን ይረሳል።

ለባለሀብት የሚሆነው ቁም ነገር ይህ ነው። ሁለት ቀንድ አንድ ዓይነት ቀለም ስለሌለው ሁለት የቀንድ ማንኪያ አንድ ዓይነት አይሆንም። ጥቁር ከማር ቀለም ጋር የተሰናኘበት፣ ለብርሃን ሲያዙት የሚያሳልፍ ማንኪያ በየትኛውም አገር ሰብሳቢ ዘንድ ቦታ አለው። ጥሬ ዕቃው በየቄራው የሚጣል ነው። ይህንን ወደ ሸቀጥ የሚለውጡት የዕደ ጥበብ ሰዎች ግን በብዙ አካባቢ ሥራቸው ተፈልጎ ራሳቸው ሲገለሉ ኖረዋል። ይህ በሞራልም በሒሳብም ኪሳራ ነው፤ ባለሙያውን የናቀ ገበያ ሙያውን ይዞ አይቆይም።

ዓለም እንዴት ይሰበስባል?

በውጭው ዓለም ማንኪያ መሰብሰብ የቆየ ልማድ ነው። የእንግሊዝ ነገሥታት የሚቀቡበት የ12ኛው ክፍለ ዘመን ማንኪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1649 ንጉሡ ተገድሎ የዘውዱ ንብረት ሲቀልጥና ሲሸጥ በ16 ሽልንግ የተሸጠ ነው። ገዢው ጠብቆ አቆይቶ ዘውዱ ሲመለስ ለአዲሱ ንጉሥ አስረክቦታል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ የከተማ ስምና ምስል የተቀረጸባቸው የመታሰቢያ ማንኪያዎች ገበያ ደራ። የማሳቹሴትሱ የሴለም ከተማ ጌጣጌጥ ነጋዴ ዳንኤል ሎው በጠንቋይ ምስል ያስቀረጸው ማንኪያ ለዚህ ገበያ መድራት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ነጋዴው የሸጠው ብር ብቻ አልነበረም፤ የከተማውን ወሬም ጭምር ነበር። ሆሳዕናና ዱራሜ ይህንን ብልሃት ገና አልሞከሩትም።

በአገር ውስጥ ሰብሳቢ ለመሆን የሚሻ ሰው ምንጩ ሩቅ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ብረት መካከል መፈለግ ይቻላል። የሰፈር «ቆራሌው» እና «ልዋጭ» ባዮችም የብዙ ቤት መሳቢያ ምስጢር በጆንያቸው ይዘው ይዞራሉ። ሁለት ማሳሰቢያ ግን አለን። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ጊዜ የሚያገለግለው ዕርፈ መስቀል ንዋየ ቅድሳት ነው እንጂ የስብስብ ዕቃ አይደለም። «አንድ አለኝ» የሚል ደላላ ቢመጣ የሚቀድመው ጥያቄ የዋጋው ሳይሆን የመጣበት ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

5 ሚሊ ሊትር

እስካሁን የተባለው ፈገግ የሚያሰኝ ሊሆን ይችላል፤ የሚከተለው ግን አይደለም። የሻይ ማንኪያ በመድኃኒት ቤት ቋንቋ 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የሕፃን ሽሮፕ «አንድ የሻይ ማንኪያ በቀን ሦስት ጊዜ» ተብሎ ሲታዘዝ እናት ከመሳቢያ ያገኘችውን ማንኪያ ታነሳለች። የግሪክ ተመራማሪዎች በአቴንስ ዙሪያ ካሉ 25 ቤቶች 71 የሻይ ማንኪያዎችን ሰብስበው ለክተው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ትንሿ 2.5 ሚሊ ሊትር፣ ትልቋ 7.3 ሚሊ ሊትር ይዛለች። ልዩነቱ ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ነው። በአንዷ የሚሰጠው መድኃኒት የታዘዘው ግማሽ፣ በሌላዋ የሚሰጠው አንድ ተኩል ሊጠጋ ነው።

የአዲሎዋ ሻይ ቤት ሰባት ማንኪያዎችም በዓይን ሲታዩ እንኳን እኩል አይደሉም። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ ከጤና ጣቢያ ባልተገኘ ጊዜ በቤት የሚዘጋጀው ውህድ፣ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። እዚህ ላይ ማንኪያዋ ትልቅ ከሆነች ወይም ጨው ከተከመረ ጉዳት ያስከትላል። ስለዚህ ከሽሮፑ ጋር የሚመጣውን የፕላስቲክ መለኪያ መጣል አይገባም። በሰብሳቢ ዓይን ዋጋ የሌለው ቢመስልም በቤት ውስጥ ካሉት ማንኪያዎች ሁሉ የከበረው እርሱ ነው።

ልክና ክምር ለንግዱም ልዩነት አላቸው። አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። አንድ ኪሎ ስኳር 250 ልክ ማንኪያ፣ በብርጭቆ ሁለት ማንኪያ ቢደረግ ደግሞ 125 ብርጭቆ ይሆናል። ተከምሮ 6 ግራም ቢይዝ ግን ያው ኪሎ 83 ብርጭቆ ላይ ያልቃል። ሻይ ሻጭ ስኳሩን በደንበኛው እጅ ከተወ በኪሎ የ42 ብርጭቆ ስኳር ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

ስምንተኛዋ ማንኪያ

ይህንን ስሌት ለአዲሎዋ ሻይ ሻጭ ልናስረዳ ስንጀምር ሳቅ አሉ። ከስኳሩ ጣሳ ውስጥ፣ ከሰባቱ ጋር ያልተቆጠረች አንዲት ማንኪያ አወጡ። ከባድ ናት፤ ማግኔቱ አልሳባትም። ስኳር የሚሰፍሩት በእርሷ ብቻ ነው። ሰፍረው በጣሳው አፍ ዳር ላይ ይልጓታል፤ ክምር የሚባል ነገር የለም።

«ይቺ የወንድሜ ናት» አሉ። «ደቡብ አፍሪካ ሳለ ነው በሰው የላከልኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። እንግዳ አይነካትም።»

ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለሄዱት በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ሲወራ በአብዛኛው የሚነሳው በሆሳዕና ስላቆሙት ፎቅ ነው። በመንገደኛ እጅ ስለሚመጣ ማንኪያ የሚጽፍ የለም። ወንድማቸው አሁን የት እንዳለ ልንጠይቅ ፈልገን ነበር፤ ነገር ግን «ሳለ» ያሉበት አነጋገር ከለከለን። ሴትዮዋም ወደ ምድጃቸው ተመለሱ።

የሜልቦርን ተመራማሪዎች ለ5 ወራት የተከታተሉት ሁሉም ሰው የሚያነሳቸውን ማንኪያዎች ነው። ባለቤቷ ከእጇ የማታወጣትን ማንኪያ ግማሽ ዕድሜ አልለኩም። በአዲሎ ምስክርነት ስድስት ዓመት አልፏል፤ ገና አልተጋመሰም።

ለአንባቢያን የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። ዛሬ ማታ የወጥ ቤት መሳቢያዎን ይክፈቱና ያልገዟቸውን ማንኪያዎች ይቁጠሩ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከአዲሎ ሲመለስ የኮቱን ኪስ ቢፈትሽ አንገቷ የተጠማዘዘችውን አሉሚኒየም አግኝቷል። እንዴት እንደገባች አያውቅም። በማግስቱ ወደ አዲሎ በሚወርድ የበርበሬ ደላላ እጅ፣ ከአንድ ደርዘን አዲስ ማንኪያ ጋር ተልካለች። ደላላው ቆጥሮ ተቀብሏል፤ 13 ናቸው።